ያልተቀባ የሚመስል ፊት

አንድ እሑድ የእህቴ ልጅ ልትጠይቀኝ ቤቴ መጣች። በሩን ስከፍትላት ፊቷ ፍክት ብሎ ወዘናው ያበራል። እኔም እንደ አጎት ወጉ ሙገሳውን ከምክር ደባልቄ፣ «እሰይ! አየሽ፣ ያንን ሁሉ ቀለም ስትተዪው እንዴት እንደሚያምርብሽ!» አልኳት። ልጅት ሳቋ አመለጣት። «ጋሼ፣ ይኼኮ አርባ ደቂቃ ፈጅቶብኛል!»

ከዚያም ቦርሳዋን ከፍታ ጠረጴዛዬ ላይ ትደረድርልኝ ጀመር። ከቆዳዋ ጋር የሚመሳሰል ፈሳሽ ቅባት፣ ከዓይን ሥር ያለውን ጥላ የሚሸፍን ሌላ ቅባት፣ ጉንጭ የሚያቀላ ዱቄት፣ የጉንጭ አጥንት ላይ ነካ ተደርጎ የሚያብለጨልጭ ነገር፣ የቅንድብ ማበጠሪያ፣ የከንፈር ቅባት። ሁሉም ርካሽ፣ ሁሉም ከሰፈር ሱቅ። እኔ የተፈጥሮ ሥራ ብዬ ያደነቅሁት ይህን ነው።

ታዲያ ይህ ማታለል ነው? ኩል ኩልነቱን አይደብቅም። እንሶስላ የሞቀችን ሴት አይቶ መዳፏ ሲፈጠር ቀይ ነበር የሚል የለም። ወይባ የገባችውም እንደሆነች ቆዳዋ ወርቅ ቢመስል ጢሱ ራሱ ምስጢሩን ያወጣዋል። ይህ አዲሱ ሜካፕ ግን ሥራው የሚሰምረው ካልታወቀበት ብቻ ነው። ሐሰተኛ ብር እንደሚያትም ሰው ማለት ነው።

የብሩን ምሳሌ ከራሴ አላመጣሁትም። የዛሬ ሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመት ገደማ የግሪኩ ጸሐፊ ዜኖፎን ስለ ቤት አስተዳደር በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ኢስኮማኮስ የሚባል ባል ሚስቱን ፊቷን በነጭ እርሳስ አንጥታ፣ ጉንጯን በሥር ቀለም አቅልታ ያገኛታል። እኔ ሐሰተኛ ብር አሳይቼሽ ሀብታም ነኝ ብልሽ ደስ ይልሻል ወይ ብሎ ይጠይቃታል። ፊቷ እንዲያምርም መድኃኒቱን ያዝላታል፤ ሊጥ ማቡካት፣ ልብስ ማራገፍና ማጠፍ። (መቼም ከዚህ የረከሰ ሜካፕ አይገኝም፤ ለባልየው ማለቴ ነው።) ፈረንሳዊው ገጣሚ ቦድሌር በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1863 ዓ.ም. ተቃራኒውን ጻፈ። መኳኳል ተፈጥሮን ማስመሰል የለበትም፣ ምን ያስደብቀዋል፣ ይታይ አለ። የእህቴ ልጅ ቦርሳ እንግዲህ በሁለቱም ዳኞች ፊት ይረታል።

እኔ ግን ልሟገትላት እፈልጋለሁ። የምትሠራው አንድ መሥሪያ ቤት እንግዳ መቀበያ ላይ ነው። አንድ ቀን ፊቷን ታጥባ ብቻ ብትሄድ አለቃዋ «አሞሻል እንዴ?» አላት። ደመቅ አድርጋ በሄደች ጊዜ ደግሞ «ሠርግ አለ?» ተባለች። በ«ተጎሳቆለች» እና በ«ተኳኳለች» መካከል የቀረላት መንገድ አንድ ክንድ አይሞላም፤ እሷም በዚያች መንገድ መሄድን ተማረች። ውበቱን እንፈልጋለን፣ የደከመችበትን ማየት ግን አንፈልግም። እኔ ራሴ በር ላይ ያመሰገንኳት ስለ አርባው ደቂቃ ሳይሆን የለም ብዬ ስላሰብኩት ነው። በዚህ ሐሰት ውስጥ የገዢውም እጅ አለበት።

«ተፈጥሯዊ» የሚለውም ቃል ራሱ የማንን ተፈጥሮ እንደሆነ አይናገርም። እነዚያን ቅባቶች የሚያቀልማቸው በአብዛኛው ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ዝገት ብንለው ያስኬዳል። የሐመር ሴት ጸጉሯን በቅቤ የምትለውስበት ቀይ አፈርም ቅላቱን ያገኘው ከዚያው ከብረት ነው። ለማንጣት የሚጨመረው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ሲሆን እሱ ሲበዛ ጠይም ፊት ላይ አመድ መስሎ ይቀራል። ርካሹ መደርደሪያ ለረጅም ዘመን ለፈዛዛ ቆዳ ነበር የተሞላው። ዋሽንግተን ያለች እህታችን ሁለት ቱቦ ገዝታ መዳፏ ላይ እያደባለቀች የራሷን መልክ ስትፈልግ ኖራለች። እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. የሪሃና «ፌንቲ ቢዩቲ» በ40 ዓይነት ቀለም ሲወጣ ያ ሁሉ ወሬ የተወራው ለዚህ ነበር፤ ያውም ዋጋው ርካሽ አልነበረም።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ከ«ፈካ» ወደ «ቀላ» መንሸራተት ቀላል ነው፤ ሱቁም አንድ፣ መደርደሪያውም አንድ ሊሆን ይችላል። ቆዳን ያነጣሉ ተብለው ከሚሸጡ ክሬሞች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አለባቸው። ሜርኩሪ ቆዳ ሜላኒን እንዳይሠራ ያግዳል፣ ፊቱ ይነጣል፣ መርዙ ግን ወደ ውስጥ ዘልቆ ኩላሊት ይጎዳል። የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. ባደረጉት ስብሰባ ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ ከ2025 በኋላ እንዳይመረት፣ ከአገር አገርም እንዳይሻገር ወስነዋል። ውሳኔው ሱቅ ድረስ መውረዱ ሌላ ጉዳይ ነው። መልክ ታጥቦ አይጠጣም እንላለን። የእህቴ ልጅ ቀለም ማታ በሳሙና ታጥቦ ይወርዳል፤ ይኼኛው አይወርድም። እንግዲህ ኃጢአት የሚባል ነገር ካለ እኔ የምፈልገው እዚያ ነው፤ ያውም ከገዛችው ልጅ ይልቅ ጠይም ፊቷን እያየ «ትንሽ ቀላ ብትዪ» ያላት ሰው ዘንድ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ መጥታ ነበር። ተቀብታ ይሁን ሳትቀባ አላወቅሁም፤ አልጠየቅሁምም። እሷ ቡናውን አፈላች፣ ሊጡን እኔ አቦካሁ።