ዶክተር ዲሞቭ ይቅር ብሎ ነበር?

ባል ያውቃል። ሚስትም ማወቁን ትጠረጥራለች። በቤቱ ውስጥ ግን ስለ ጉዳዩ ትንፍሽ የሚል የለም። አንቶን ቼኾቭ እ.ኤ.አ. በ1892 መጀመሪያ «ሴቬር» በተባለ የሩሲያ መጽሔት ያወጣው «ፌንጣዋ» የተሰኘ አጭር ልቦለድ የሚተርከው እንዲህ ስላለ ቤት ነው። ብዙ አንባቢ ባልየውን የይቅር ባይነት ተምሳሌት አድርጎ ይወስደዋል፤ ለዚህም በቂ ምክንያት አለው። እኔን ግን አንድ ጥያቄ አላስቀምጥ አለኝ፤ ጥፋቱ ሳይነሳ፣ በዳይም ማረኝ ሳይል፣ ችሎ ዝም ያለ ሰው ይቅር ብሏል ይባላል ወይ?

ዶክተር ኦሲፕ ዲሞቭ 31 ዓመቱ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ እኩለ ቀን በአንድ ሆስፒታል በሽተኛ ሲያይ ይቆይና በፈረስ በሚጎተት ትራም ተሳፍሮ ወደ ሌላ ሆስፒታል ይሄዳል፤ እዚያ አስከሬን ይመረምራል። በግሉ አክሞ የሚያገኘው በዓመት 500 ሩብል ቢሆን ነው። የ22 ዓመቷ ሚስቱ ኦልጋ ኢቫኖቭና ትሥላለች፣ ትዘፍናለች፣ ከዝነኛ ሰው ጋር መታየት ትወዳለች። ረቡዕ ረቡዕ ማታ ቤቷ በሠዓሊና በተዋናይ፣ በዘፋኝና በደራሲ ይሞላል። ዲሞቭ በጨዋታው መሀል የለም፤ መኖሩንም የሚያስታውስ የለም። ልክ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ሲሆን ግን የምግብ ክፍሉ በር ይከፈትና እጆቹን እያፋተገ እንግዶቹን ወደ ማዕድ ይጠራል።

ቼኾቭ ክህደቱን ከአልጋ አይጀምረውም። በጰራቅሊጦስ ማግስት ዲሞቭ ምግብና ጣፋጭ ገዛዝቶ፣ ሁለት ሳምንት ያላያትን ሚስቱን ሊጠይቅ ወደ ገጠር ቤታቸው ይሄዳል። ርቦታል፣ ደክሞታል፤ ያማረው ከእሷ ጋር እራቱን በልቶ መተኛት ነው። እሷም ስታየው ደስ ይላታል፤ ወዲያው ግን ለሠርግ የምትለብሰው ሮዝ ቀሚስ ከተማ መቅረቱን ታነሳና አሁኑኑ ተመልሰህ አምጣልኝ ትለዋለች። አንድ ብርጭቆ ሻይ በጥድፊያ ጠጥቶ፣ ፈገግ እንዳለ ወደ ባቡር ጣቢያው ያመራል። ያመጣውን የዓሣ እንቁላል፣ አይብና ዓሣ እንግዶቿ ይበሉታል። ሌላ ወንድ ገና በመካከላቸው አልገባም። እኔ ግን ትዳሩ የተሰነጠቀው በዚያ ምሽት ነው እላለሁ፤ ባልየው «ዛሬስ አልችልም» ማለት ሲገባው አላለምና።

በሐምሌ ወር፣ በቮልጋ ወንዝ በሚጓዝ መርከብ ላይ፣ ኦልጋ ሪያቦቭስኪ ከተባለ ሠዓሊ ጋር ትወድቃለች። መስከረም ሲጠባ ሠዓሊው ይሰለቻታል። ወደ ቤቷ የምትመለሰው ነገሩን ልትደብቅ ወስና ነው። በሩን አልፋ የባሏን የዋህና ደስተኛ ፈገግታ ስታይ ግን እንዲህ ያለውን ሰው ማታለል እንደ መስረቅና እንደ መግደል ሆኖ ይታያታል። እግሩ ሥር ተንበርክካ ፊቷን ትሸፍናለች። ዲሞቭ ምኑም አልገባውም፤ ናፍቆት መስሎት እንደ ልጅ ያባብላታል። ፊቷን ቀና አድርጋ በሚለምን ዓይን ታየዋለች፤ እፍረቱም ፍርሃቱም አፏን ይይዘዋል። ከዚያ ዲሞቭ ወንበር ስቦ ያስቀምጣትና ምግብ ያቀርብላታል። ከነበሩት በሮች የመጀመሪያው እንዲህ ተዘጋ።

በብርዱ ወራት አጋማሽ ላይ ዲሞቭ መታለሉን መረዳት ይጀምራል። ከዚያ የሚያደርገው ነገር ብዙ አሳስቦኛል። ጥፋተኛው እሱ ይመስል ዓይኗን ማየት ያፍራል። ከእሷ ጋር ብቻውን ላለመሆን ኮሮስቴሌቭ የተባለ ሐኪም ጓደኛውን ለምሳ ይዞ ይመጣል፤ ሁለቱ ስለ በሽታ ሲያወሩ ኦልጋ ዝም ትላለች። ዝም ስትል ደግሞ አትዋሽም። ለአታላይ ሚስት ከዚህ የበለጠ ርኅራኄ ያሳየ ባል በልቦለድ ውስጥ አላውቅም፤ ውሸቷን እንኳ ሊያተርፍላት ይደክማል። ነገር ግን ያው ጓደኛ ማዕዱ ላይ እስካለ ድረስ እውነትም መነገር አይችልም። ኦልጋ በበኩሏ የባሏ ደግነት ከበደኝ እያለች ለወዳጆቿ ታማርራለች። የበዳይ ማምለጫ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ግማሹም እንደዚያ ነው። ሌላው ግማሽ ግን እውነት ይመስለኛል። ምንም የማይጠይቅ ሰው ፊት መቆም ከሚቆጣ ሰው ፊት ከመቆም ይከብዳል፤ የሚቆጣውን ቢያንስ ማረኝ ይሉታል።

ጥርጣሬዬን ያጠነከረልኝ ቀጥሎ ያለው ትዕይንት ነው። ዲሞቭ የመመረቂያ ጽሑፉን ተከራክሮ አልፏል። ፊቱ እያበራ ወደ ሚስቱ ክፍል ይገባል፤ በዩኒቨርሲቲ የማስተማር ዕድል ሊሰጠው እንደሚችል ይነግራታል። እሷ መስታወት ፊት ቆማ ለቲያትር እየተሰናዳች ነው። ደራሲው እዚህ ላይ ጣልቃ ገብቶ በግልጽ ይነግረናል፤ ደስታውን ብትካፈለው ኖሮ አሁን ያለውንም የሚመጣውንም ሁሉ ይቅር ይላት ነበር። እሷ ግን የሚለው ነገር አልገባትም፤ ቲያትሩም እንዳይረፍድባት ፈርታለች፤ መልስ አትሰጥም። ሁለት ደቂቃ ያህል ይቀመጥና፣ ጥፋት እንደሠራ ሰው ፈገግ ብሎ ይወጣል።

ይቅር ይላት ነበር። እንግዲህ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ይቅር አላላትም ማለት ነው። ችሎ ነበር እንጂ። ሲጠብቅም ነበር፤ የጠበቀውም ኑዛዜ አልነበረም፣ እንባም አልነበረም፤ አንድ «እንኳን ደስ አለህ» ይበቃው ነበር። ይህን ሳነብ የመጀመሪያ ጥያቄዬ የተመለሰ መሰለኝ፦ ዝምታ ይቅርታ አይደለም፣ ይቅርታ በሁለት ሰዎች መካከል በቃል መነሳት አለበት ብዬ ልደመድም ነበር። ከመደምደም ያገደኝ የታሪኩ የራሱ ታሪክ ነው።

ቼኾቭ ልቦለዱን ከባዶ አልፈጠረውም። ወዳጁ ኢሳክ ሌቪታን፣ ስመ ጥሩው የሩሲያ የመልክዓ ምድር ሠዓሊ፣ ከሶፊያ ኩቭሺኒኮቫ ጋር ለዓመታት በፍቅር ኖሯል። ኩቭሺኒኮቫ የሞስኮ የፖሊስ ሐኪም የነበረው የድሚትሪ ኩቭሺኒኮቭ ሚስት ናት። ሌቪታንና ኩቭሺኒኮቫ በቮልጋ ዳር ባለችው ፕሊዮስ ከተማ ከ1888 እስከ 1890 በየበጋው እየሄዱ ሥለዋል። የደራሲው ወንድም ሚኻይል ቼኾቭ በትዝታ ጽሑፉ ባልየው ነገሩን ሳይረዳው እንዳልቀረና ሥቃዩን በዝምታ እንደተሸከመ ያወሳል። ልቦለዱ ሲወጣ ሞስኮ ተንጫጫ። ቼኾቭ በዚያው ዓመት በጻፈው ደብዳቤ፣ የ42 ዓመት ሴት በ20 ዓመቷ ጀግናዬ ውስጥ ራሷን አየሁ ትላለች ብሎ ሊያጣጥለው ይሞክራል። ይህ መከላከያ አያሳምነኝም። ሠዓሊ ሚስት፣ ሐኪም ባል፣ ቮልጋ ላይ የሚሥል ፍቅረኛ፤ ማን ይስታል? ለሴትየዋም ፍትሐዊ አልነበረም። ኦልጋ የረባ ነገር የማትሠራ ሆና ተሥላለች፤ ኩቭሺኒኮቫ ግን ታዋቂው ሥዕል ሰብሳቢ ፓቬል ትሬቲያኮቭ ሥራዋን የገዛላት ሠዓሊ ነበረች።

ስለዚህ በዚህ ታሪክ ዙሪያ ሁለተኛ ክህደት አለ፤ በቤታቸው በእንግድነት የተቀመጠ ወዳጅ የቤታቸውን ገመና ለሕዝብ አወጣ። ሌቪታንና ቼኾቭ ሦስት ዓመት ያህል ተኳረፉ።

በጥር 1895 ታቲያና ሽቼፕኪና-ኩፐርኒክ የተባለች ወጣት ጸሐፊ፣ ከሞስኮ በስተደቡብ ወደሚገኘው የቼኾቭ የሜሊሆቮ መኖሪያ ስትሄድ ሌቪታንን አብሮኝ ና ብላ ይዛው ሄደች። በሩ ላይ ሁለቱ ተያዩ፤ እጅ ለእጅ ተጨባበጡ፤ ከዚያ ስለ መንገዱና ስለ አየሩ ያወሩ ጀመር። ስለ «ፌንጣዋ» የተነሳ ነገር አልነበረም። ወዳጅነታቸው ሌቪታን በ1900 እስከ ሞተ ድረስ ጸና። ከዚያ ቀደም ብሎ ያልታ ወደሚገኘው የቼኾቭ ቤት ሄዶ ሳለ በጨረቃ ብርሃን የድርቆሽ ክምር ሥሎ ለወዳጁ ሰጥቶታል፤ ሥዕሉ በደራሲው የሥራ ክፍል ምድጃ ላይ ተደርጎ ኖረ።

ታዲያ ቃል ሳይነገር ይቅርታ ሆነ እኮ! ልደመድም የነበረውን አፈረሰብኝ። የዲሞቭ ዝምታ ቤት ሲያፈርስ የእነዚህ ሰዎች ዝምታ እንዴት ጠገነ? ደጋግሜ ሳስበው የሚታየኝ ልዩነት ሌቪታን መሄዱ ነው። የተበደለው እሱ ሆኖ ሳለ፣ በብርድ መንገድ አቋርጦ በሩ ድረስ ሄደ፤ ቼኾቭም ወጥቶ እጁን ያዘው። በእኛ አገር ባላገር በዳይ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ተበዳይ ፊት ሲቀርብ ከአፉ ከሚወጣው ይልቅ መቅረቡ እንደሚናገር ሁሉ፣ ሜሊሆቮም ላይ የተናገረው መምጣቱ ነው። መሀል የገባች ሦስተኛ ሰውም ነበረች፤ ያለ እሷ ኩርፊያው እስከ መቃብር በዘለቀ። በዲሞቭ ቤት ሦስተኛው ሰው ኮሮስቴሌቭ ነበር፤ እሱ ግን የመጣው ሊያስታርቅ ሳይሆን ዝምታውን ሊሞላ ነው።

ኦልጋ አንድ ጊዜ ብቻ መጥታለች፤ ከቮልጋ የተመለሰች ዕለት። ዲሞቭ አንድ ጊዜ ብቻ መጥቷል፤ የተሳካለት ዕለት። ሁለቱም ጊዜ አንዱ ሲቀርብ ሌላው አላየም። ከዚያ በኋላ ዲሞቭ ከታመመ ልጅ ጉሮሮ ውስጥ የዘጊ አናዳን (የዲፍቴሪያን) ልባጭ በቱቦ ሲስብ በሽታው ይይዘዋል። በዚያ ዘመን ይህን ያደረጉ ሐኪሞች በእርግጥ ነበሩ፤ ኢላሪዮን ዱብሮቮ የተባለ የሞስኮ ሐኪም በ1883 የሞተው በዚሁ ምክንያት ነው። ኦልጋ ወደ ክፍሉ ገብታ ስሙን የምትጠራው፣ ሁሉም ገና አልጠፋም ልትለው የምትፈልገው፣ እሱ ከሞተ በኋላ ነው።

ዲሞቭ ቀድሞ ቢናገርስ ኖሮ ትመለስ ነበር? እጠራጠራለሁ። ምናልባት ተቆጥታ ጭራሽ ወደ ሪያቦቭስኪ ትሄድ ነበር። የተበደለ ሰው ቀድሞ የመናገር ግዴታ የለበትም፤ ያን ጫና በተበዳይ ላይ መጨመር ሁለተኛ በደል ነው። ሆኖም የሮዝ ቀሚሱ ምሽት ከሐሳቤ አልጠፋም። ያኔ የሚደበቅ ውሽማ አልነበረም፣ የሚጠበቅ ኑዛዜም አልነበረም፤ የነበረው የደከመና የራበው ባል ነው፣ እሱም ድካሙን ደበቀ። ሚስቱ ሊታይ ያልፈለገን ሰው ማየት አልለመደችም። ለመስታወቱ ፊት ሁለት ደቂቃ ተጠያቂዋ እሷ ናት፤ ከዚያ በፊት ለነበሩት የዝምታ ወራት ግን ዲሞቭንም እጠይቀዋለሁ።