የልጅ ስም በመዝገብ

ልጅ ወላጁንም የሚወለድበትንም አገር መርጦ ወደዚህ ዓለም አይመጣም። እንግዲህ ሕግ የወላጆችን ሥራ የነቀፈው እንደ ሆነ ነቀፋው በልጁ ላይ ሊደርስ ይገባልን?

በስዊስ አገር አንዲት ሴት በውል ለሌሎች ሰዎች ፀንሳ እንድትወልድ ማድረግ በሕገ መንግሥቱ የተከለከለ ነው። በሕግ ተመዝግበው በአንድነት የሚኖሩ ሁለት ወንዶች ግን በካሊፎርኒያ ከአንዲት ሴት ጋራ ተዋውለው፥ በአውሮጳ አቈጣጠር በ2011 ዓመት ልጅ ተወለደላቸው። የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤትም ሁለቱም አባቶች ናቸው ብሎ ፈረደ። ስዊስ ግን ልጁ ከዘሩ የተገኘውን አንዱን ብቻ ተቀብላ ሁለተኛውን አልመዘግብም አለች፤ በ2015 ዓመት የበላይ ፍርድ ቤትዋም እንዲሁ ፈረደ። እስከ 2018 ዓመት ድረስም ሁለተኛው ሰው ልጁን በጉዲፈቻ ሊያደርገው አልተፈቀደለትም ነበር። በዚህ ሁሉ ጊዜ ልጁ አባቴ የሚለውን ሰው ሕግ ባዕድ ይለው ነበር።

ነገሩ በስትራስቡርግ ወዳለው የአውሮጳ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኞቹም በ2022 ዓመት ፍርዱን በሁለት ከፈሉት። ሁለቱ ሰዎች የገቡበት ውል የአገራቸውን ሕግ የሚቃረን ስለ ሆነ መብታቸው አልተጣሰም፤ ልጁ ግን 7 ዓመት ከ8 ወር ያህል ያለ ዕውቅና በመቈየቱ መብቱ ተጥሷል አሉ።

እንዲህ ከሆነ ክልከላው ከንቱ ይሆናል፤ ገንዘብ ያለው ሁሉ ባሕር ተሻግሮ የድኻይቱን ማሕፀን ተከራይቶ ይመለሳል የሚሉ አሉ። ቃላቸው የሚናቅ አይደለም። ኢጣሊያም ይህን ፈርታ በ2024 ዓመት ዜጎችዋ በውጭ አገር ይህን ቢያደርጉ እስከ 2 ዓመት እስራትና እስከ 1 ሚሊዮን ዩሮ መቀጫ እንዲደርስባቸው ደነገገች። ቅጣቱ በአድራጊው ላይ መውደቁ ለፍትሕ የቀረበ ይመስላል፤ ነገር ግን አባት ሲታሰር በቤት የሚያለቅሰው ያው ልጅ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መመዝገብን ለአባት የተሰጠ ሽልማት አድርጎ ስለሚያየው ነው። መዝገብ ግን ሽልማት ሳይሆን ዕዳ ነው። አባት ተብሎ የተጻፈ ሰው ልጁን ሊመግብ፥ ሊያስተምርና ሊያወርስ ይገደዳል፤ ትቶት ቢሄድም ዳኛ ይጠይቀዋል። ያልተጻፈው ግን በወደደው ቀን ቢሄድ ማን ይይዘዋል? ስለዚህ ዕውቅና መንፈግ ጥፋተኛ የተባለውን ከዕዳው ነጻ አውጥቶ፥ ምንም ያላጠፋውን ልጅ ባዶ እጁን ያስቀረዋል።

ውሉን መከልከል የሕግ ሥልጣን ነው፤ ከውሉ የተወለደውን ግን እንዳልተወለደ ሊያደርገው አይችልም። ተወልዷልና፥ የሚጠየቅለት ሰው ይጻፍለት።