ከማን አንሼ

በአዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ «ከማን አንሼ» የሚባል የተመልካች መቀመጫ አለ። እንዲህ ያለውን ስም ኮሚቴ ተሰብስቦ አያወጣውም፤ ሕዝብ ነው የሚያወጣው። ሌሎቹንም ስሞች አስቧቸው፤ ክቡር ትሪቡን፣ ጥላ ፎቅ፣ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ። ክቡር ትሪቡን ክብሩን በስሙ ላይ ለጥፎታል። ጥላ ፎቅ ጥላ አለው፤ ጥላ ያለው ቦታ ደግሞ ዋጋው ከፍ ይላል። ካታንጋ በ1952 ዓ.ም. ከኮንጎ ተገንጥያለሁ ብላ አገሩን ያመሰችው ክፍለ ሀገር ስም ነው። የእኛም ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ጥላ ሥር ወደዚያ አገር ዘምተዋል። ኳስ ሊያይ የመጣ ሰው መቀመጫውን በጦር ሜዳ ስም ሲጠራ፣ ምን ያህል ጸጥታ እንደሚጠብቃችሁ ገምቱት።

እኔን ግን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ከማን አንሼ ነው። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን፣ አንድ ቃል በሁለት ልብ እንዴት እንደሚነገር ማስረዳት ሲቸግረኝ ይህችን ሐረግ እጠቅስ ነበር። ጎረቤቱ ሁለት በሬ ጥሎ ልጁን ሲድር ያየ ሰው፣ «ከማን አንሼ!» ብሎ ተበድሮ ሦስት ይጥላል። ይህ ፉክክር ነው፤ መጨረሻውም ዕዳ ነው። አንዲት እናት ደግሞ ጉዳይ ለማስፈጸም ሄደው ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ልጅ ሲያመናጭቃቸው፣ «ከማን አንሼ ነው እንዲህ የምትናገረኝ?» ይላሉ። ይህ ፍትሕ መጠየቅ ነው። ቃሉ አንድ፣ ልቡ ሁለት።

ታዲያ ስታዲየም ውስጥ የሚሰማው የትኛው ነው?

ከመመለሴ በፊት ስለ ቦታው ጥቂት ልበል። እድሳቱ ሳይጀመር፣ ጨዋታ በሌለበት አንድ ከሰዓት፣ በስታዲየሙ ዙሪያ ካሉት የስፖርት ዕቃ ሱቆች ስመለስ በሩ ገርበብ ብሎ አገኘሁትና ዘለቅሁ። ጥበቃው «ጋሼ፣ ዛሬ ጨዋታ የለም» አለኝ። ደረጃውን ላይ ነው የመጣሁት ብለው ሳቀ። «ደረጃ ደግሞ ምኑ ይታያል? ሲሚንቶ ነው።» ሆኖም አስገባኝ። ፀሐይ የበላው ሲሚንቶ ላይ ቁጭ ብዬ ፊት ለፊቴ ያለውን ባለ ጥላ መቀመጫ አየሁት። በመካከላችን ያለው ሜዳው ብቻ ነው። አማርኛችን ደግሞ የምንረግጠውንም ደረጃ፣ ሰው ከሰው የሚበላለጥበትንም ደረጃ በአንድ ቃል ነው የሚጠራው። ቲኬቱ ደረጃ አውጥቶልናል። ኳሷ ግን ለክቡር ትሪቡንም ለካታንጋም ያችው አንዷ ኳስ ናት፤ ጎል ሲገባ ሁሉም እኩል ነው የሚነሣው።

እንግዲህ ብዙዎቻችን በዚህ ላይ እናቆማለን። ስታዲየም ሰውን እኩል ያደርጋል ብለን፣ ደስ ብሎን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ነገሩ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚያልቅ አይደለም።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በዚሁ ሜዳ ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ቀርባለች። ተጋጣሚዋ በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ናት። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ፤ የእኛዎቹም ሁለት ጊዜ አቻ አደረጉ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አስቆጠሩና ዋንጫው እዚሁ ቀረ። ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ የኢታሎ ወንድም ነው።

የእነዚህ ወንድማማቾች እናት ኤርትራዊት፣ አባታቸው ጣሊያናዊ ወታደር ነበሩ። ጣሊያን ከአገራችን ከወጣ ገና 21 ዓመቱ ነው። ከዚያ ሁሉ ተመልካች መካከል በየካቲት 12 ጭፍጨፋ አባቱን ወይም ወንድሙን ያጣ እንደነበረ መገመት አያዳግትም። ያ ሰው በዚያ ከሰዓት ቫሳሎ የሚለውን ስም ለእልልታ ጠርቶታል።

«ሰውየውን ሳይሆን ጎሉን ነው የወደዱት» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ቢስት ኖሮ ምን ይሉት እንደነበር ማን ያውቃል? ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ እኔም አልሸሸውም። በድል ቀን ማቀፍ ቀላል ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ያ ተመልካች በዚያች ቅጽበት «ከማን አንሼ» ማለት አላስፈለገውም። የተጠየቀው ሌላ ጥያቄ ነበር፤ «ይህ ልጅ በአባቱ ምክንያት ከእኔ ያንሳል?» የሚል። መልሱንም በጉሮሮው ሰጠ።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ከማን አንሼ ወደ ላይ የምንጠይቀው ጥያቄ ነው፤ ወደ ባለ ጥላው፣ ወደ ክቡሩ። ይህን ለመጠየቅ ሁላችንም ጎበዞች ነን። ከጎናችንና ከፊታችን ስለተቀመጠው፣ ሌላ ማሊያ ስለለበሰው ሰው የሚጠየቀው ግን «ከእኔ ማን ያንሳል?» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ያለ ሁለተኛው እኩልነት አይሆንም፤ ተራ ፉክክር ሆኖ ይቀራል፤ የሦስቱ በሬ ዕዳ።

ዕዳውን ደግሞ ከፍለነዋል። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ወልዲያ ላይ የወልዲያና የመቀሌ ክለቦች ሊጫወቱ ቀጠሮ ይዘው፣ ኳሱ ሳይነካ ግጭት ተነሥቶ ጨዋታው ተሰረዘ። ከዚያ ወዲያ የአማራና የትግራይ ክለቦች እርስ በርስ ሲገናኙ ገለልተኛ ሜዳ ይፈለግላቸው ጀመር። ገለልተኛ ሜዳ! በገዛ አገራችን ለእኛው የሚሆን ሦስተኛ ወገን ስንፈልግ ማለት ነው። ያን ቀን ድንጋይ ያነሣ ወጣት ቢጠየቅ «ከማን አንሰን?» እንደሚል አልጠራጠርም። ከማንም አላነሰም ነበር። ያልጠየቀው ሁለተኛውን ነው።

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈ። ጨዋታው «በሜዳችን» ነበር፤ ሜዳችን ግን የማላዊዋ ሊሎንግዌ ሆና ተገኘች። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ደረጃውን የሚያሟላ ስታዲየም በአገራችን አላገኘም ነበርና። ያን ድል ካታንጋ አላየውም፤ ከማን አንሼም ቆሞ አልጮኸለትም። በቴሌቪዥን አየነው። ደስ አለን፤ አጠገባችን ተቀምጦ የምናቅፈው የማናውቀው ሰው ግን አልነበረም። የስታዲየም ትልቁ ቁም ነገር ይህ ይመስለኛል። ከማናውቀው ሰው ጋር ጉልበት ለጉልበት አስጠግቶ ያስቀምጠናል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነው የእኛ ፈንታ ነው።

አሮጌው ስታዲየም ለዓመታት ለእድሳት ተዘግቶ ቆይቷል። ሲሚንቶ ለወንበር፣ ስምም ለቁጥር ቦታውን ሲለቅ የኖረበት ዘመን ነው፤ የሕዝቡን ስሞች ግን ማንም እንዳይነካብን እመኛለሁ። የሚመለከታቸው ሰዎች ቢያማክሩኝ፣ መቼም አያማክሩኝም፣ አንድ ሐሳብ አለኝ። ከማን አንሼ መግቢያው ላይ የራሱ ስም በትልቁ ይጻፍለት። መውጫው ላይ ደግሞ፣ ሕዝቡ ተጋፍቶ ወደ መንገዱ ሲፈስ እንዲያየው፣ «ከእኔስ ማን ያንሳል?» ተብሎ ይጻፍ።