ላቲንን በአፍ መማር

ከነሐሴ ጀምሮ በኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ የጥንታዊ ቋንቋዎች ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው። ሌክሲንግተን ድረስ ያመጣኝ ቴረንስ ተንበርግና ሚሌና ሚንኮቫ ያቋቋሙት የላቲን ጥናት ተቋም ነው። እዚህ መምህሩ የሚያብራራው፣ ተማሪውም የሚጠይቀውና የሚከራከረው በላቲን ነው። ከአገር ቤት የሚደውልልኝ ሁሉ ታዲያ «የሞተ ቋንቋ ተናግረህ ማን ሊሰማህ ነው?» ይለኛል።

ማንበቡስ ለግእዝ ተመራማሪ ግድ ነው። ሂዮብ ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ እየጠየቀ ያዘጋጀው የኢትዮጵያ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1681 የታተመው በላቲን ነው። አውጉስት ዲልማን በ1865 ያሳተመው ትልቁ የግእዝ መዝገበ ቃላትም ፍቺው በላቲን ነው። ለዚህ ግን ዓይን ይበቃል። አፍ ለምን አስፈለገ?

በቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ለዚህ መልስ የሚያጣ አይመስለኝም። ግእዝ አፍ መፍቻነቱ ከቀረ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። ሆኖም ደበሎውን የደረበ ተማሪ ግሱንና አገባቡን ካጠና በኋላ ብቻውን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይቆጥራል፤ ከዚያ ሄዶ ለየኔታ ይነግራል። የኔታ አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጣሉ። ግሱ ከባለቤቱ ካልተስማማ ወይም ምሥጢሩ ከሳሳ እዚያው ያቃኑለታል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ማምጣት የለም። እኔም የቋንቋን ሕይወት የምለካው በዚሁ ነው፤ ትናንት ያልተባለ ነገር ዛሬ ሊባልበት ይችላል ወይ? የሚሰማውስ ሰው ሊያርመው ይችላል ወይ?

በቅርቡ የአውግስጢኖስን «ኑዛዜ» አንደኛ መጽሐፍ አነበብን። ሰሜን አፍሪካዊው አባት ላቲንን ያለ ፍርሃት፣ በሞግዚቶቹ ቁልምጫና በሰዎች ሳቅና ጨዋታ መካከል እንደተማረ፣ ግሪክኛን ግን በዛቻና በቅጣት ስላስተማሩት እንደጠላው ይነግረናል። ይሁን እንጂ እዚያው ላይ የመምህራኑን ዱላ ሳይቀር በእግዚአብሔር ሕግ ሥር ያስገባዋል። መምህራችን «ታዲያ ዱላው የእግዚአብሔር ነው ወይስ የሰው?» ሲል በላቲን ጠየቀን። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ አለንጋ እያየሁ ያደግሁት እኔ ብዙ በተናገርኩ። በላቲን ግን ለአፌ የቀረበው የራሱ የአውግስጢኖስ ቃል ነበር። ያንኑ ተውሼ፣ ፍርሃት ልጁን ዝም ያሰኘዋል እንጂ አያስተምረውም፤ ዱላውም የሰው ነው አልኩ። በአውግስጢኖስ ግስ አውግስጢኖስን ተቃወምኩት። ተርጉም ብባል ኖሮ ሐሳቡን ወረቀት ላይ አስፍሬ እሄድ ነበር። ስናገረው ግን መልስ ጠየቀኝ። ለሞቱት አባቶች መልስ መስጠት፣ ሲያስፈልግም መሞገት፣ እነሱን ከማክበር የሚቆጠር ነው ብዬ አምናለሁ።

በላቲን አፉን የሚፈታ ሕፃን የለም፤ ገበያም አይወጣበትም። እውነት ነው፤ አልክደውም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2013 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ መንበራቸውን እንደሚለቁ ለካርዲናሎቹ የነገሩት በላቲን ነበር። ጆቫና ኪሪ የተባለችው የአንሳ ዜና ወኪል ጋዜጠኛ ንግግሩን በጆሮዋ ሰምታ ተረዳችው፤ ዜናውም ለዓለም የወጣው በእሷ ነው። መዝገበ ቃላት ገልጦ ለመፈለግ ጊዜ አልነበረም።

ይህን ስጽፍ የማስበው የራሳችንን ግእዝ ነው። ቅኔ ቤቱ የሚናገረውን ግእዝ ዘመናዊው ክፍል በሰንጠረዥ ብቻ ካስተማረው፣ ላቲን በአውሮፓ የደረሰበት ይደርስበታል ብዬ እሰጋለሁ። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ግእዝ የምታስተምሩ መምህራን፣ የቅኔ መምህራኑን ወደ ክፍላችሁ ጋብዟቸው። ተማሪዎቻችሁንም የጽሑፍ ፈተና ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ በግእዝ ጠይቋቸው፤ በግእዝ እስኪመልሱም ታገሷቸው።