ጩኸቱ የት ሄደ?

ኮምፒውተር የሚበላውን መብራት ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት ይቀይረዋል። 45 ዋት የሚወስድ ፕሮሰሰር የ45 ዋት ማሞቂያ ነው። ፋኑ ይህን ሙቀት አያጠፋውም፤ ከቺፑ ላይ አንስቶ ወደ ክፍሉ ይገፋዋል እንጂ። ስለዚህ «ማቀዝቀዝ» የምንለው ነገር ሙቀትን ከራስ ላይ አንስቶ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ይህን የምህንድስና ትምህርት አስተምሮኛል። «ሌላ ቦታ» ላይ ያለው ሰው ማን እንደሆነ ግን ፈተና ላይ መጥቶ አያውቅም።

እኛ ደብረ ብርሃኖች «እዚህ ብርድ ኮምፒውተር በምን ይሞቃል?» እንባላለን። የከተማዋን ብርድ አገር ያውቀዋል፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካዋንም እንዲሁ። ብርዱ በእርግጥ ያግዛል። ግን ያለነው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በአንድ ዙር ይዞት የሚወጣው ሙቀት ስለሚያንስ ፈጥኖ መዞር አለበት። በዚያ ላይ ሲበርደን ላፕቶፑን ብርድ ልብስ ላይ አድርገን እንሠራለን፤ እኛን የሚያሞቀው ሱፍ የእሱን መተንፈሻ ይደፍናል።

የምኖረው ከታናሽ ወንድሜ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን ነው። እሱ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ እኔ ሌሊት ኮድ እጽፋለሁ። ፕሮግራሙን ኮምፓይል ሳደርግ ፋኑ ይጮሃል፣ እሱ ይገላበጣል። አንድም ቀን ተናግሮኝ አያውቅም። ታላቁ ነኝ፣ የቤት ኪራዩም ከዚያው ላፕቶፕ ነው የሚወጣው። እዚህ ላይ ጥያቄው የዴሲቤል መሆኑ ያበቃል። ዝም ያለ ሰው ሁሉ ተስማምቷል ማለት ነው?

አንዱ መፍትሔ ሥራውን ወደ ክላውድ መላክ ነው። ላፕቶፑ ጸጥ ይላል። ፋኑ ግን አልቆመም፤ ሌላ አገር ባለ የሰርቨር ክፍል ውስጥ፣ ምናልባትም በሌላ ሰው መስኮት አጠገብ ይዞራል። ይህ ኃጢአት ነው አልልም፣ ወንድሜ መተኛት አለበት። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን እግረኛ መንገድ ላይ አውጥቶ የሚያስነሳ ባለሱቅም የራሱ ምክንያት አለው። ብቻ የሱቁ ጸጥታ የመንገደኛው ጩኸት መሆኑን መካድ አይቻልም።

ሌላው መፍትሔ ሙቀቱን ራሱን መቀነስ ነው፦ አቧራውን መጥረግ፣ ፕሮሰሰሩ የሚወስደውን ዋት መገደብ፣ የማያስፈልገውን ሥራ ከኮዱ ማውጣት። የፋን ሕግ እዚህ ላይ ቸር ነው። ፍጥነቱን በግማሽ ብንቀንስ የሚገፋው አየር በግማሽ ይቀንሳል፤ የሚፈልገው ኃይል ግን ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፣ ጩኸቱም በደንብ ይረግባል። ኮምፓይሉ ጥቂት ደቂቃ ይዘገያል፣ ሰው ይተኛል።

ሁለቱ ጸጥታዎች ለጆሮ አንድ ናቸው። አንዱ ግን ዕዳውን ይቀንሳል፣ ሌላው ዕዳውን ያሻግራል። ማሻገር ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ያኔ ከድግስ መማር ይቻላል፦ ደጋሽ ጎረቤቱን የሚጠራው ለእንጀራው ብቻ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ጭፈራውን የሚሰማ ሰው ከደስታውም ድርሻ ሊኖረው ይገባል። ድርሻ መስጠት ካልቻልን እንኳ ቢያንስ እንጠይቀው፦ «እንቅልፍ ነሳሁህ?»