የረሳች እናት መብቷ ይረሳልን?

ስለ ወላጆች ሐቅ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ዳዕዋ ተደርጓል። ሲያረጁብን «ኡፍ» እንኳ እንዳንላቸው በሱረቱል ኢስራእ ቁጥር 23 መታዘዛችንን የማያውቅ ሙስሊም ጥቂት ነው። የማንወያይበት ግን አንድ ጥያቄ አለ። እናት ወይም አባት ጨርሰው ሳይሆን ጥቂት ጥቂት መርሳት ሲጀምሩ ስለ ጉዳያቸው የሚወስነው ማን ነው?

ነቀምቴ የምትኖረው እናቴ በትንሽ ሱቋ ዱቤ ትሰጣለች። ከጊዜ ወዲህ ማን ስንት እንደወሰደ ይጠፋት ጀመር። የከፈለውን ደግማ ትጠይቃለች፤ ያልከፈለውን መርቃ ትሸኛለች። ዘመድ ተሰብስቦ ሱቁ ይዘጋ፣ ቁልፉም ከእጇ ይወሰድ አለ። እሷ ግን «እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለች። የዘመዶቻችን ሐሳብ ከርኅራኄ የመነጨ ነበር። ይሁንና ርኅራኄ ብቻውን ፍትሕ ይሆናልን?

በቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራ ቁጥር 282፣ የሚናገረው ስለ እዳ ነው። እዳ እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆም ያዛል፤ አንዷ ምስክር ብትዘነጋ ሌላዋ ታስታውሳታለች። ትእዛዙ ለጤነኛውም ጭምር ነው፤ መርሳት የሰው ሁሉ ባሕርይ ነውና። ማስጻፍ ለማይችለው ደግሞ ወሊዩ በፍትሕ ያስጽፍለታል። ወሊይ የደካማው ምላስ እንጂ የንብረቱ ወራሽ አይደለም።

ሕክምናውም ከመቸኮል ይከለክላል። ቀላል መርሳት ሁሉ ወደ ከባዱ በሽታ አያድግም። ከቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ከድብርት ወይም ከታይሮይድ እጢ መድከም የመጣ ከሆነ ሲታከም ሊሻሻል ይችላል። ወለጋ ደግሞ እንቅርት ሲታወቅ የኖረበት አገር ነው። እንግዲያው ቁልፍ ከመቀማት በፊት ሐኪም ዘንድ መውሰድ ይቀድማል።

እኛም የዱቤ ደብተር ገዛንላት። የእህቴ ልጅ ይጽፋል፤ ተበዳሪው ይፈርማል። ለማን እንደሚሰጥ የምትወስነው ግን እሷው ናት። በዚህም የእሷም የደንበኛውም ሐቅ ተጠበቀ። ዛሬም አንዳንድ ብር ይጠፋል፤ ኪሳራው ግን ከክብሯ አይበልጥም።

«ነገ ቢብስባትስ?» የሚል ይኖራል። ቢብስባት ሞግዚትነቱ ግዴታችን ይሆናል። የነገውን ድካም አስቦ የዛሬውን መብት መንጠቅ ግን ግፍ ነው። ውድ አንባቢ፣ የእናትዎ ቁልፍ ኪስዎ ውስጥ ካለ ራስዎን ይጠይቁ፦ አማና ነው ወይስ ቅሚያ?

አላህ (ሱ.ወ.) ለወላጆቻችን ሐቅ ይወፍቀን። አሚን።