ስለ ሕፃናት ፍርሃትና ስለ መምህር

ሕፃን በፍርሃት ይማራልን? ይህ ጥያቄ ለአባቶቻችን ቀርቦ ቢሆን ኖሮ ብዙዎቹ ሳያመነቱ አዎን ይሉ ነበር፤ ፈሪሃ እግዚአብሔር የጥበብ መነሻ መሆኑን ከመጻሕፍት የተቀበለ ሕዝብ፥ ያንኑ ፍርሃት ወደ መምህሩ፥ ከመምህሩም ወደ አለንጋው ማውረድ እምብዛም አልከበደውምና። ነገር ግን ፈጣሪውን የሚፈራ ሰው ኅሊናውን ይመረምራል፤ መምህሩን የሚፈራ ሕፃን ግን የመምህሩን ፊት ብቻ ሲመረምር ይውላል፥ ሰሌዳው ላይ ያለውም ነገር ሳያየው ያልፋል።

የድሮው ትምህርት ሊቃውንትን በአለንጋ አፈራ የሚሉ አሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ሥራውን የሠራው ሌላ ነገር ሆኖ ሳለ ምስጋናውን አለንጋው ወሰደው። በየኔታ ዙሪያ ፊደል የሚቆጥሩት ሕፃናት እያንዳንዳቸው በየድርሻቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲያነቡ፥ የአንዱ ስሕተት በሌላው ድምፅ ተሸፍኖ ሳያሳፍረው ይታረም ነበር፤ በቅኔ ቤትም ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ሲነግር መታረሙ የዘወትር ሥርዓት እንጂ ውርደት አልነበረም። ከትግራይ ወይም ከወሎ ተነሥቶ እስከ ዋሸራ ቅኔ ቤት የዘለቀው ተማሪ አነጋገሩ ከአገሬው ቢለይም፥ ባልንጀሮቹም እንደ እርሱ ከቤታቸው ርቀው ቁራሽ እየለመኑ ስለሚያድሩ፥ እንግድነቱ የብቻው ሸክም አልሆነበትም።

የዛሬው ሕፃን ግን እንግድነቱን ብቻውን ይሸከማል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ መደንገጉ ታላቅ ነገር ቢሆንም፥ እንደ አዲስ አበባና እንደ ሐዋሳ ባሉ ከተሞች አንድ ክፍል የብዙ ቋንቋ ልጆችን ስለሚሰበስብ፥ የአንዱ አፍ መፍቻ ለሌላው ባዕድ ልሳን መሆኑ አልቀረም። በቤቱ ወላይትኛ ሲናገር አድጎ በሰባት ዓመቱ አማርኛ ክፍል የገባ ልጅ መምህሩን እርስዎ ማለት ሲገባው አንተ ቢል፥ ክፍሉ ይስቅበታል፤ መምህሩም የቋንቋውን ጉድለት የጠባይ ጉድለት አድርጎ ሊቈጥርበት ይችላል። ልጁ በዚያች ሰዓት የሚረዳው አንድ ቃል መሳሳቱን ሳይሆን፥ እንዲናገር ያስተማሩት እናቱና አያቱ መሳቂያ መሆናቸውን ነው። ከዚያ ወዲያ ዝም ይላል፤ ስለ ዝምታውም ጨዋ ተብሎ ይመሰገናል! በትምህርት ቤት ከሚሰጡት ምስጋናዎች ሁሉ እንደዚህ ያለ ጨካኝ አላውቅም።

ክፋት በሌለበትም ቢሆን ሕፃን ከቤቱ ያመጣው ነገር እንዲህ ይናቃል። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል የተሻገሩት የቤተ እስራኤል ልጆች ብዙዎቹ ገና እንደ ደረሱ የዕብራይስጥ ስም ወጣላቸው። የሰየሟቸው ሰዎች ልጆቹ ቶሎ አገሬውን እንዲመስሉ አስበው ይሆናል፤ ዳሩ ግን በእኛ ዘንድ ስም ወላጅ የደረሰበትን ኀዘን ወይም የተመኘውን ተስፋ የሚያኖርበት ቃል ስለ ሆነ፥ ሕፃኑ አባቱ ያወጣለትን ስም ደጅ ትቶ ወደ ክፍል እንዲገባ ተፈረደበት። በታላቅ ሰው ፊት ዓይንን ዝቅ ማድረግ ትሕትና መሆኑን ከቤቱ ተምሮ የመጣው ልጅም፥ ዓይን ለዓይን ማየትን ቅንነት አድርጎ ለሚቈጥር መምህር ደካማ ወይም ፈዛዛ መስሎ ታየ።

ይህን ስል ሕፃን አይታረም ማለቴ አይደለም። ማባበል ብቻ ያለበት ክፍል ቸልተኝነት የነገሠበት ክፍል ነው፤ ልጁን የሚያከብር መምህር ስሕተቱን ያርማል፥ እርማቱ ግን ከቃሉ አልፎ ወደ ቤቱ እንዳይደርስ ይጠነቀቃል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት በአካላቸው ከሚፈጸም ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል። የክፍል ጓደኞችን ሳቅ የሚከለክል አንቀጽ ግን የለም፥ ሊኖርም አይችልም። ስለዚህ መምህር ሆይ፥ በመጀመሪያው ሳምንት ከፊደሉ አስቀድመህ የእያንዳንዱን ልጅ ስም እናቱ እንደምትጠራው አድርገህ መጥራትን ተማር፤ የሚስቅ ቢኖርም ዝም አትበል።